በሰማንያ ቀኗ

«ዛሬውኑ ትሂድ፤ ሽማግሌዎቹ ሳይመጡ።»

የዓለምዘርፍ ይህን የሰማችው ቅዳሜ ማለዳ፣ ፊቷን ልትታጠብ ውሃ በጣሳ ይዛ ከጓዳው ግድግዳ ሥር ጎንበስ ባለችበት ነው። ተናጋሪው አባቷ አቶ መንግስቱ ናቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር፤ ግን የጭቃ ግድግዳ ምሥጢር አይችልም፣ በተለይ ምርጊቱ ከተሰነጠቀ ሦስት ክረምት ሲያልፈው። እናቷ የብርጓል የሣጥን ክዳን ከፍታ ስትዘጋ ብቻ ተሰማ። ውሃው በልጅቱ ጣቶች መካከል ፈስሶ አለቀ፤ ፊቷንም ሳትታጠብ ቀረች።

እንድትሄድ የተፈረደባት ፈንታዬ ናት፤ የየብርጓል ታናሽ እህት፣ በቤቱ ሁሉ «እታለም» የምትባለው። ከኋላ ባለችው ክፍል ከጌሾ ጆንያና ከጠላ ጋን ጋር አሥራ ስምንት ዓመት ኖራለች። ጥጥ ትፈትላለች፣ ጠላ ትጠምቃለች፣ እንግዳ ሲመጣ ከጓዳ አትወጣም። አትውጪ ያላት ሰው የለም፤ ውጪ ያላትም የለም። ትናንት በራት ሰዓት ግን ሳትጠራ ወጣች። አቶ መንግስቱ የሙሽራውን ወገን እየዘረዘሩ ነበር። ድረስ የሚባለው ሙሽራ እስከ ትናንት በቤቱ «የጤና ጣቢያው ልጅ» ብቻ ነበር የሚባለው፤ ቁስል የሚጠርግ፣ መርፌ የሚወጋ፣ ጫማው ሁልጊዜ የተወለወለ ድሬሰር። «አባቱ አቶ እንዳላማው ይባላሉ፤ የሮብ ገበያ አገር ሰው ናቸው» ሲሉ ፈንታዬ መሶቡ አጠገብ መጥታ ቆመችና «ይህ ጋብቻ አይሆንም» አለች። ለምን ቢሏት ዝም። ደግመው ቢጠይቋት ዝም። «የሰው ደስታ ዓይንሽን ይወጋዋል?» አለቻት እህቷ በመጨረሻ፤ ያን ጊዜ ወደ ጓዳዋ ተመለሰች፤ ራቱም ቀዝቅዞ ተነሣ።

እውነቱን ለመናገር የዓለምዘርፍም ተናዳ ነበር። ድረስን ትወደዋለች። ሁለት ዓመት ሙሉ የኪኒን መጠቅለያ ወረቀት ላይ እንቆቅልሽ እየጻፈ ይልክላታል፤ እሷም መልሱን ከጀርባው ጽፋ ትመልሳለች። ሌላው ጎረምሳ ሽቶ ይሰጣል፣ ይህኛው ስሌት ይሰጣል፤ ለእሷ ደግሞ ከሽቶው ይልቅ ስሌቱ ይሸታታል። የትናንቱ ወረቀት እንኳ ገና ሳይፈታ በቀሚሷ ኪስ ውስጥ ነው። ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ሽማግሌዎቹ መጥተው ዘር ይቆጠራል፤ የሁለቱም ወገን እስከ ሰባት ቤት። አንድ ስም ከተገናኘ ጋብቻው ቀረ፤ ካልተገናኘ ሠርጉ ለጥር ይቆረጣል። ታዲያ የአንዲት አክስት «አይሆንም» በዚህ መካከል ምን አገባው?

ነገር ግን ምክንያት የሌለው «አይሆንም» እንደ ጫማ ውስጥ ጠጠር ነው፤ እሷን ደግሞ እንዲህ ያደረጓት ራሳቸው አባቷ ናቸው። አቶ መንግስቱ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ክርክር ሲጽፉ ይውሉና ማታ ለጨዋታ የሚፈልጉት ሌላ ክርክር ነው። በስምንት ዓመቷ ነብር፣ ፍየልና ጎመን ሰጧት፤ ታንኳዋ ከሰውየው ጋር አንዱን ብቻ ትይዛለች፤ ነብሩ ከፍየሏ፣ ፍየሏ ከጎመኑ ጋር ብቻቸውን ከቀሩ ይበላላሉ፤ አሻግሪ! ሦስት ቀን ራት እምቢ አለች። በአራተኛው ቀን ገባት፤ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ያሻገረውን መልሶ ማምጣት ስለማያስብ ነው። ፍየሏ አንድ ጊዜ ትመለሳለች፤ መላው ያ ብቻ ነው። አባቷ ያን ዕለት ከደስታቸው ብዛት ለጎረቤት ሁሉ አወሩ። ከዚያ ወዲህ በቤታቸው ሕግ ወጣ፤ መፍታት ያቃተው ሀገር ይሰጣል፣ ከተፈታበት ደግሞ ጠያቂው ሀገር ይሰጣል። የዓለምዘርፍ በዚህ ሕግ ጎንደርን፣ ወሎን፣ ሐረርጌን ሳይቀር ወስዳለች፤ አባቷ ግን ለሳቅ ብለው እንጂ ከልባቸው የተሸነፉበት ቀን አልነበረም።

በሁለት ሰዓት ፈንታዬ ጓዟን በነጠላ ቋጥራ ወጣች። «ዲማ ገዳም ልትገባ ተስላ ነበር» አለች የብርጓል፣ ማንም ሳይጠይቃት። እስከ ደጀን በጭነት መኪና፣ ሁለት ብር፤ ከዚያ በቢቸና በኩል፤ የቀረው በእግር። ብሩን አቶ መንግስቱ መሶቡ ክዳን ላይ አስቀምጠውላት ወደ ሥራቸው ሄዱ፤ በእጇ ሊሰጧት አልደፈሩም። ፈንታዬ የዓለምዘርፍን ሳመቻት፤ አንድ ጊዜ አገጯን፣ አንድ ጊዜ ግንባሯን፣ ከዚያ ደግሞ ግንባሯን፤ ፊቷን ግን አላየችም። እናትና ልጅ ከደጁ ቆመው ጥግ እስክትዞር አዩአት። የብርጓል «በይ አንች ገበያ ሂጅ» አለች፤ «እንቁላል፣ ሎሚ፣ ሁለት ዶሮ። ዶሮውን ከብር በላይ እንዳትገዢ።»

ገበያው ገና እየሞላ ነበር። የዓለምዘርፍ እንቁላሉን አሥሩን በስሙኒ ገዝታ ወደ ሎሚ ሻጮቹ ዞረች። ከዓባይ በረሃ የወጣ ሎሚ በጆንያ አጋድማ የተቀመጠች አንዲት ባልቴት «ነይ የእኔ ልጅ፣ የደጀን ሎሚ ነው» አለቻት። እንዲያው ለወሬ ያህል «አባቴም ድሮ ደጀን ጸሐፊ ነበሩ» ብትላት ባልቴቷ ሎሚውን ጥላ ተነሣች።

«የመንግስቱ ልጅ? የየብርጓል? እኔ ወለተ ሰንበት ነኝ እኮ! እናትሽ የልጄ የሥራነሽ የክርስትና እናት ናት!»

አቅፋ ሳመቻት፤ ሎሚውንም በነፃ ቋጠረችላት። ከዚያ ቁጭ ብላ አወራች፤ ያወራችውም ሁሉ ደስታ ነበር። «ሥራነሽን በመጋቢት ልደታ ወልጄ፣ ሰማንያዬን ጨርሼ፣ በግንቦት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ስገባ እናትሽ ናት ክርስትና ያነሣችልኝ። ያን ጊዜ ልጅ አልነበራትም። ልጄን ከመጠመቂያው ታቅፋ ስትወጣ አለቀሰች፤ 'ለእኔስ መቼ?' አለች። ዘመኑ ሠላሳ ዘጠኝ፣ ዘመነ ሉቃስ ነበር፤ አልረሳውም። በሰኔ ባልዋ ተዛውሮ ወደዚህ መጡ። እሰይ፣ ማርያም ሰምታታለች! መቼ ወለደችሽ? አሥራ ሰባት ይሆንሻል?»

«አሥራ ስምንት አልፎኛል። በዚያው በሠላሳ ዘጠኝ፣ በሚያዝያ።»

ባልቴቷ ጣቶቿን ቆጠረችና ሳቀች። «እንግዲህ እኔ ነኝ የተሳሳትሁት። ማይም ምን ያውቃል!»

የዓለምዘርፍ ዶሮ ሳትገዛ ከገበያ ወጣች። ቶሎ ቶሎ ትራመዳለች፤ ሰው ሰላም ቢላት አትሰማም፤ አንዱ እንቁላል ተሰብሮ በዘንቢሉ ሲንጠባጠብ እንኳ አላየችም። ወለተ ሰንበት ዘመኑን ተሳስታ ይሆናል አለች በልቧ፤ ግን እናት የበኩር ልጇን ክርስትና አትሳሳትም፣ ወደ ማርቆስ የተዛወሩበትን ዓመት ደግሞ አባቷ ሁልጊዜ ይናገሩታል። ምናልባት እናቴ ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበረች፣ እኔም ከግንቦት ማርያም ወዲህ ተወልጄ ቀኑን አዛብተው ነግረውኝ ይሆናል። ይህ ደስ አላት፤ አሥር እርምጃ ያህል ደስ አላት። ከዚያ የክርስትና ስሟ ትዝ አላት፤ ወለተ ሐዋርያት። በሐምሌ አምስት፣ በጴጥሮስ ወጳውሎስ ቀን ስለተጠመቀች የወጣላት ስም ነው፤ የክርስትና ስም ደግሞ እንደ ጸሐፊ ብዕር አይሳሳትም። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ትጠመቃለች። ከሐምሌ አምስት ሰማንያ ቀን ወደ ኋላ ሚያዝያ አጋማሽ ነው። በሚያዝያ አጋማሽ ሴት ልጅ የወለደች እናት እስከ ሐምሌ ድረስ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር አትገባም። የብርጓል ግን በግንቦት ሃያ አንድ ገብታ የሰው ልጅ ታቅፋ ወጥታለች። የብርጓል! ማማተብ ስትረሳ ከመንገድ የምትመለሰው የብርጓል ሰማንያ ቀኗን ሳትጨርስ ቤተ ክርስቲያን ትገባለች? ፀሐይ በምዕራብ ትውጣ እንጂ ይህ አይሆንም።

ወንድ ብሆን ኖሮ፣ አለች መንገዱ መሐል ቆማ። ወንድ በአርባ ቀኑ ነው። በግንቦት መጨረሻ ተወልዶ በሐምሌ አምስት ይጠመቅ ነበር፤ ነገሩ ሁሉ ገጥሞ ውሸቱ ዕድሜ ልኩን ይቆም ነበር። ሴት ሆና ነው ያፈረሰችው።

ቤት ስትደርስ የብርጓል ጓሮ ነበረች። የዓለምዘርፍ ከአባቷ ራስጌ ዳዊቱን አወረደች። አንድ ቀዳዳ ቀርቶ ነበር፤ ሊሞት የደረሰ ሕፃን ቀኑ ሳይሞላ ይጠመቃል፤ ምናልባት ታምማ ነበር። ከመጨረሻው ቅጠል ላይ የአባቷ ቁልቁል የተደረደረ የጽሕፈት ቤት እጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፤ «የዓለምዘርፍ፣ ስመ ክርስትናዋ ወለተ ሐዋርያት፣ በሰማንያ ቀኗ ተጠመቀች፤ ሐምሌ ፭ ቀን ፲፱፻፴፱ ዓ.ም.» ጸሐፊ ሰው ሲዋሽ እንኳ ቀን ማጉደል አይሆንለትም። «ወለድን» አይልም፤ «ተወለደች» አይልም። ይህን መስመር ከልጅነቷ ጀምሮ መቶ ጊዜ አንብባዋለች፤ የጎደለውን ቃል ያየችው ግን ዛሬ ነው። ዳዊቱን መለሰችና አልጋው ላይ ተቀመጠች፣ ተነሣች፣ ደግሞ ተቀመጠች። ከእናቷ ካልተወለደች ከማን? እታለም ከሮብ ገበያ ወደዚህ ቤት የመጣችው በዚያው ዓመት በሰኔ ነው፤ «አንችን ልትይዝ» እየተባለ ሲነገራት አድጋለች። በየዓመቱ ሐምሌ አምስት ቀን ማንም ሳያዛት ቆሎ ቆልታ ለደጀ ሰላም ድሆች የምትወስደው እታለም ናት። አሥራ ስምንት ዓመት ዝም ብላ ኖራ፣ «የሮብ ገበያው እንዳላማው» ሲባል ብቻ አፏን የከፈተችውም እሷ ናት። የዓለምዘርፍ እንቆቅልሽ ስትፈታ ሁልጊዜ የሚሰማት ደስታ ዛሬ አልመጣም፤ የመጣው ፍርሃት ነው። እናቴን ካወቅሁ፣ አባቴስ ማን ነው?

ነጠላዋን ሳትከናነብ ሮጠች። የደጀኑ ፊያት ገና አልሄደም ነበር፤ የጤፍ ጭነት ሲጠብቅ ስምንት ሰዓት ደርሶበታል። ፈንታዬ ከጆንያው ላይ ከሌሎች ሴቶች ጋር ተቀምጣ ቋጠሮዋን በጉልበቷ ይዛለች።

«እታለም፣ ውረጅ።»

«ምን ሆንሽ? ቤት ምን ተፈጠረ?» ብላ ዘልላ ወረደች።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። በሰማንያ ቀኔ ቤተ ክርስቲያን ታቅፋኝ የሄደችው ማን ናት?»

ፈንታዬ የመኪናውን ጎማ አየች፣ መንገዱን አየች፣ ቋጠሮዋን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረች። ከዚያ «ዝናብ ነበር» አለች ቀስ ብላ፤ «ያን ዕለት ዝናቡ መከራ ነበር። በጋቢዬ ሸፍኜሽ አንድ ጠብታ አልነካሽም።»

የዓለምዘርፍ አለቀሰች፤ ገበያተኛው ቆሞ እስኪያይ ድረስ አለቀሰች። ፈንታዬ ግን አላለቀሰችም፤ ያለቀሰችውን ድሮ ጨርሳዋለች። ከግንድ ላይ ቁጭ ብለው የቀረውን ባጭሩ ነገረቻት። ሰውየው ገብረ ማርያም ይባላል፣ ያን ጊዜ ዲያቆን ነበር። ስሙን ብታወጣ ክህነቱ ይፈርሳል፤ ቅስና የሚጠብቅ ልጅ፣ አሥር ዓመት የተማረ። ስለዚህ ለእናቷም ለእህቷም አልተናገረችም። እሱ በኋላ አግብቶ፣ ቀስሶ፣ ካለፈ ስድስት ዓመቱ ነው። የእንዳላማው ታናሽ ወንድም ነበር። በሁለቱ መካከል መልእክት የሚያመላልሰውም ያው እንዳላማው ነበር። «እንግዲህ ድረስ የአጎትሽ ልጅ ነው» አለች። «ደጀን ስደርስ ጽሕፈት ለሚያውቅ ሰው ነግሬ ደብዳቤ ልልክ ነበር። ስም ሳልጠራ እንዴት እንደማስጽፈው ሳስብ ነው የዋልሁት።»

ድረስ። የኪሷ ወረቀት ኮሽ አለ። የዓለምዘርፍ ለአንድ አፍታ፣ ለአንድ አፍታ ብቻ፣ ዝም ብል ምን ይመጣል ብላ አሰበች። መኪናው ይሄዳል፣ ሽማግሌዎቹ ይቆጥራሉ፣ ምንም አይገኝም፣ በጥር ሠርግ ነው። ወዲያው አፈረች።

«ተነሽ፣ ቤት እንመለስ።»

«አብደሻል? እህቴስ? አሥራ ስምንት ዓመት እናት ሆና ኖራ ዛሬ በእንግዳ ፊት ላዋርዳት? እኔን እኮ ከነነውሬ የተቀበለችኝ እሷ ናት።»

«ምንም አትናገሪም። እኔም አልናገርም። ገብተሽ ተቀመጭ፣ በቃ። የነብሩን፣ የፍየሏንና የጎመኑን ጨዋታ ከጓዳ ትሰሚ አልነበር? አንዱ ካልተመለሰ ማንም አይሻገርም።»

«እና እኔን ፍየል አደረግሽኝ?» አለች ፈንታዬ፤ የዓለምዘርፍም በዕንባዋ መካከል ሳቀች። ሁለቱ ብር መኪናው ላይ ቀረ። ባለ መኪናው እንኳን ሊመልስ ዞሮም አላያቸው።

ሲገቡ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር። በሳሎኑ ሦስት ሽማግሌዎች ከአዲስ አንሶላ በለበሰ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጠላው ተቀድቷል። በመካከል ያሉት ቀጭኑ፣ ጢማቸው ወደ ነጭ የዞረው አቶ እንዳላማው ናቸው። የራሳቸውን ወገን ቆጥረው ጨርሰዋል፤ አቶ መንግስቱ ደግሞ እንደ ፍርድ ቤት መዝገብ ጥርት ባለ ድምፅ አራተኛው ቤት ደርሰዋል። ሁለቱ ሴቶች በሩን ሲያልፉ አምስተኛው ስም አፋቸው ላይ ቀረ። የብርጓል ማሰሮውን እንደያዘች ደረቀች። ፈንታዬ ወደ ጓዳ አላለፈችም። የዓለምዘርፍ እጇን ይዛ እሳሎኑ ጥግ ካለው አንድ ባዶ በርጩማ ላይ አስቀመጠቻትና ከጎኗ ቆመች።

አቶ እንዳላማው ቀስ ብለው ተነሡ። ሽማግሌ ለአንዲት የጓዳ ሴት ሲነሣ ሌሎቹ ግራ ገባቸው። እሳቸው ግን ፈንታዬን አይተው ልጅቱን አዩ፤ ግንባሯን፣ ደግሞ ፈንታዬን።

«ስንት ዓመትሽ ነው፣ ልጄ?» አሉ።

«ለሚያዝያ አሥራ ዘጠኝ ይሞላኛል።»

የእንዳላማው ጣቶች በጋቢያቸው ሥር አንድ በአንድ ሲታጠፉ ይታዩ ነበር፤ ከሚያዝያ ወደ ኋላ፣ እስከ ሐምሌ። የዓለምዘርፍ ቆጠራውን አብራ ቆጠረች። ዘጠነኛው ጣት ሲታጠፍ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«አቶ መንግስቱ፣ ይተዉት፣ አይድከሙ» አሉ። «አሁን አስታወስሁ። በእናት ወገን ተገናኝተናል። የእነዚህ እህትማማቾች ቤት ከእኛ ቤት በስድስተኛው ይገናኛል።»

«በስድስተኛው ማን ላይ?» አሉ ከጎናቸው ያሉት ሽማግሌ።

«እኔ በማውቀው ሰው ላይ። ዘመድ መገኘቱ ደስታ ነው እንጂ ኀዘን አይደለም፤ ጠላችንን እንጠጣ።» ጠጡም። ሲሄዱ የየብርጓልን እጅ ሳሙ፣ ለፈንታዬ አንገታቸውን ደፉ፣ የዓለምዘርፍን ግን ግንባሯን ስመው «የወንድሜ ነገር» ብለው ጀመሩና ሳይጨርሱት ወጡ። ድረስን ምን ብለው እንደሚነግሩት እግዜር ይወቅ።

ቤቱ ውስጥ አራቱ ቀሩ። የብርጓል ማሰሮውን አስቀመጠች፣ ወደ ጥግ ሄደች፣ የእህቷን ቋጠሮ አንሥታ ፈታችው፤ ልብሱን አንድ በአንድ እያራገፈች ወደ ጓዳ ሳይሆን ወደ መኝታ ቤቱ ሣጥን ወሰደችው። በመንገዷ ላይ የፈንታዬን ትከሻ በእጇ ጀርባ ነካ አድርጋ አለፈች። አቶ መንግስቱ ወንበራቸው ላይ ያረጁ መሰሉ። አባት መሆናቸውን ማን ነጠቃቸው? ማንም። ግን ሰው የሚፈራው ገና ሳይነጠቅ ነው። የዓለምዘርፍ ሄዳ እግራቸው ሥር እንደ ልጅነቷ ተቀመጠች።

«የት ላይ ነው የሳትሁት?» አሏት።

«ሰማንያው ላይ፣ አባባ። እምዬ በግንቦት ማርያም ደጀን ላይ ክርስትና አንሥታ ነበር። ወንድ ብሆን ኖሮ ባልተገኘብዎ።»

አሰቡበት። ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ፤ በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ከልባቸው ተሸንፈዋል። እጃቸውን በፀጉሯ ላይ አደረጉ። «እንግዲህ ሕግ ሕግ ነው» አሉ፤ «ሀገር ልስጥሽ።»

የዓለምዘርፍ ከኪሷ ያልተፈታውን የኪኒን ወረቀት አወጣች። አልገለጠችውም። አጣጥፋ፣ ደግማ አጣጥፋ፣ ሊታጠፍ እስከማይችል ድረስ አሳነሰችው።

«የፈለጉትን ይስጡኝ፣ አባባ» አለች። «ሮብ ገበያን ብቻ አይስጡኝ።»